ከሥር ያለው ፉጨት

ልዑልቃል ቦሼ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያበራው አምፖሉን ሳይሆን ኮምፒውተሩን ነው። አምፖል ሰው ለማየት ነው፤ እሱ ቤት ደግሞ ከራሱ በቀር የሚታይ የለም። ለትዳር ነገ ዛሬ ሲል አርባን ተሻገረ፤ እናት አባቱን ቀበረ። ጂንካ ውስጥ ስሙን የማያውቅ የለም፤ በሩን የሚያንኳኳ ግን የለም።

ኮምፒውተሩ ያረጀ ዴስክቶፕ ነው፤ ሲነሣ ዳገት ላይ እንደተያዘ አይሱዙ ያቃስታል። እሱ እስኪነቃ ልዑልቃል ጫማውን ያወልቃል፣ ከምሳ የተረፈውን ያሞቃል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ማጫወቻውን ይከፍታል።

ይህ ማጫወቻ መዝሙር አያጫውት፣ ዘፈን አያጫውት። የሚያውቀው የድሮ ጌሞችን ሙዚቃ ብቻ ነው፤ እነዚያን ቴሌቪዥን ላይ እየተሰኩ ልጆች ይጣሉባቸው የነበሩትን። ያመጣለት መሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ሊዘረጋ ከአዲስ አበባ የመጣ ቴክኒሻን ነበር፤ ማጫወቻውንና በሺህ የሚቆጠሩ ዜማዎችን በአንድ ፍላሽ ገልብጦለት ሄደ። ዜማዎቹ ብዛታቸው እንጂ ክብደታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሁሉም ተደምረው አንድ የሠርግ ቪዲዮ አያህሉም። ደግሞ መጨረሻ የላቸውም። ተጫዋቹ እስኪሸነፍ ድረስ እንዲዞሩ የተሠሩ ናቸውና ማጫወቻው የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ ጥቂት ካዞራቸው በኋላ ይታክተውና ድምፁን ቀስ እያደረገ ያጠፋቸዋል።

ልዑልቃል ከእነዚያ ሁሉ የሚፈልገው አንዱን ነው፤ የዚያን ደግሞ ስሙን አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ እሱ ገና ልጅ ሳለ፣ የጓደኛው የሶፊያን አባት ከሞያሌ አንድ የጌም ማሽን ይዘው መጡ። ጨርቅ ሊያመጡ ሄደው ነበር፤ እንዴት ማሽን ይዘው እንደተመለሱ እሳቸውም አያውቁትም። ማሽኑ ላይ የሚሰካው የጌም ካሴት ላይ የተለጠፈው ወረቀት መንገድ ላይ ተልጦ ስለነበር የጌሙን ስም ያወቀ የለም። አንድ ድንክዬ ሰውዬ ከግንድ ግንድ እየዘለለ ወንዝ ይሻገራል፤ ጌሙ ይኸው ነው። ሁለቱ ልጆች «ተሻጋሪው» አሉት።

ያኔ መብራት የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነበርና ቀኑን በፉጨት ይገፉታል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጥግ ጥግ እየሄዱ ልዑልቃል ላይኛውን ዜማ፣ ሶፊያን ከሥር ያለውን ወፍራሙን ይይዛሉ። ልዑልቃል አንድ ቀን፣ «አንተ ለምን ላይኛውን አትይዝም?» ቢለው፣ ሶፊያን ከንፈሩን ጠርጎ፣ «ላይኛውን ማንም ይይዘዋል። እኔ ከሥር ነኝ፤ እኔ ከለቀቅኩህ ትወድቃለህ» አለው።

የልዑልቃል አባት አቶ ቦሼ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ዘፈን በቤታቸው አይነሣም። አፋቸውን የፈቱት በአገሬው ቋንቋ በአሪኛ ስለነበር አማርኛን አሳጥረው ነው የሚናገሩት። ፉጨቱን ሰምተው ልጃቸውን ጠሩት።

«ቃል አለው?»

«የለውም አባዬ።»

«ቃል የለው፣ ዘፈን አይደለም። ወፍም ያፏጫል» አሉና ለቀቁት። ከዚያ በኋላ ያለ ፍርሃት ያፏጭ ጀመር።

ልጅ ያድጋል። ልዑልቃል ቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ላይ ተቀመጠ፣ ሶፊያን የጭነት መኪና መሪ ላይ። ጠብ እንኳ አልነበራቸውም። ተጣልተው ቢሆን ሽማግሌ ያስታርቃቸው ነበር፤ ያልተጣላን ሰው ማን ያስታርቀዋል? ሶፊያን ከቀይ አፈር ከተማ ጭኖ ሲመለስ ክላክስ ያደርጋል፣ ልዑልቃል እጁን ያነሣል፤ ወዳጅነቱ በዚያ ዓይነት ዓመታት ኖረ። ከሁለት ዓመት በፊት ልዑልቃል ለሥራ ቱርሚ ተመድቦ ሳለ ሶፊያን ታሞ እናቱ ቤት ተኛ፤ ሳይነሣም ሞተ። ልዑልቃል የደረሰው ለቅሶው ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፤ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ተነሣና ሄደ።

ፍለጋው የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የእሱና የሶፊያን የሚባል ነገር ቢኖር ያ ዜማ ነው፤ እሱም ከጭንቅላቱ እየጠፋበት ነው። መግቢያውን ያስታውሳል። ሰውዬው ውሃው ጋ ሲደርስ ዜማው ይቀየር ነበር፤ እንዴት እንደሚቀየር ግን ቢሞት አይመጣለትም። ስለዚህ በየቀኑ አመሻሽ ላይ አንዱን ከፍቶ ትንሽ ይሰማና «አይደለም» ይላል፣ ሌላውን ከፍቶ «አይደለም» ይላል። አንዳንዴ ድምፁን አውጥቶ ይለዋል፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማ ብሎ ይሆናል።

አንድ ሐሙስ «አይደለም» ሊል አፉን ከፈተና ቀረ። መግቢያው ነው! ሶፊያን፣ የአባቱ ሱቅ የጨርቅ ሽታ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ አንድ መጫወቻ፣ «ተራዬ ነው!» የሚል ጩኸት፤ ሁሉም በአንዴ መጡ። ብቻውን ሳቀ። ብቻውን የሚስቅ ሰው መልኩ አያምርም፤ ግን ማን ሊያየው። ዜማው ውሃው ጋ ደረሰ፤ ተቀየረ። ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

መዝሙሩ ነው።

የትኛው መዝሙር እንደሆነ ለጂንካ ሰው መንገር አያሻም፤ ለሌላው ግን ይነገር። የዛሬ ሃያ ዓመት የልዑልቃል እናት ስትሞት፣ ጾሞ ጸልዮ በተነሣ ጊዜ ጣቶቹ በራሳቸው ኪቦርዱ ላይ ሄደው ያወጡት መዝሙር ነው። ስለ ወንዝ መሻገር ነው የሚያወራው። ቀብር ላይ ይዘመራል፣ ሠርግ ላይ ይዘመራል። ሰው «የልዑልቃል መዝሙር» ይለዋል፤ መንፈስ ነው የሰጠው ይላል። እሱም እንደዚያ አምኖ ኖሯል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ሲሞት ስሙን የሚያስጠራለት ያ አንድ መዝሙር ብቻ ነበር። በመጪው እሁድ ደግሞ መዘምራኑ ሃያኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ በዚሁ መዝሙር ምክንያት ጋቢ ሊያለብሱት ነው።

ደጋግሞ ሰማው። ማጫወቻው ሲያጠፋው እሱ ያስነሣዋል። ምናልባት ይመሳሰል ይሆናል እንጂ አንድ አይደለም ብሎ ራሱን ሊሸነግል ሞከረ፤ አልሸሹም ዞር አሉ ሆነበት። አለቀሰ። ለእናቱ ከሰማይ መጣለኝ ያለው ዜማ፣ ድንክዬው ሰውዬ ከግንድ ግንድ የሚዘልበት ሆኖ ተገኘ።

በማግሥቱ ለመዘምራኑ መሪ ለቤቴል ነገራት። ቤቴል ኪቦርድ ያስተማራት እሱ ነው። ስልኩ ላይ ቀርጾ የመጣውን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ጋሼ ልዑል፣ ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ጋቢው ይቅርብኝ።»

«ጋቢውማ ተገዝቷል። ደግሞ በጌታ፣ ይህንን ለሰው እንዳትናገር። በዚያ መዝሙር ስንቱ እናቱን ሸኝቶበታል! የቴሌቪዥን ጌም ነበር ልንላቸው ነው?»

እውነቷን ነው፤ ለሰው አስባ ነው። እሱ ራሱ ትናንት ማታ እንዴት እንዳደረ ግን አልጠየቀችውም። ይህን ነገር ሰምቶ መሬት ላይ እየተንከባለለ የሚስቅ፣ ከሳቀም በኋላ የሚያጽናናው፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የለም።

ቅዳሜ ገበያው ሲበተን እግሩ ወደ ሶፊያን ታላቅ እህት ወደ ዙህራ ሱቅ ወሰደው። ያን ማሽን በዓይኑ ያየና የሚያስታውሰው ሰው ከእሷ ሌላ የቀረ አይመስለውም። ሱቁ የአባቷ ነው፤ ከጎኑ የእናቷ ቤት አለ፣ ከመንገዱ ማዶ የልዑልቃል ቤተ ክርስቲያን። ዙህራ ያልተሸጠውን ጨርቅ እያጣጠፈች ነበር። ገና «እትዬ ዙህራ» ብሎ ሳይቀመጥ ጨርቁን አስቀምጣ አፈጠጠችበት።

«ልዑል፣ እግርህ ይምጣ ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። ሶፊያን ከመሞቱ በፊት እናንተ ጋ ገብቶ ነበር?»

«እኛ ጋ የት?»

«ቸርች ነዋ።»

«ኧረ በፍጹም! ማን አለ?»

«ራሱ ነዋ ያለው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተኝቶ ሳለ እሁድ እሁድ መስኮቱን ክፈቱልኝ ይላል። ያ ያንተ መዝሙር በድምፅ ማጉያው ሲመጣ፣ መተንፈስ አቅቶት እንኳ፣ ያፏጫል። መዝሙሩንም አይደለም የሚያፏጨው፤ ከሥሩ ሌላ ነገር። ምንድን ነው ስለው ‹ይሄ የኛ ነው› ይለኛል። የኛ! ወላሂ ደሜ ቀዘቀዘ። እኛ እዚያ ምን አለን? እማ ሰምታ ሳትሞት ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት። በመጨረሻዋ እሁድ ‹ክፈችልኝ› ሲለኝ ያልሰማሁ መሰልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ወንድሜ በሃይማኖቱ ነው የሞተው ወይስ አይደለም?»

ልዑልቃል ወደ በሩ ዞረ። «መጣሁ» ብሎ ወጣ።

የተመለሰው በባጃጅ ነው፤ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ ስክሪኑን ከጎኑ አስደግፎ። ያየው ሁሉ ሊሸጠው ነው ብሎ አዘነለት። ሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ሰካው። እስኪነሣ ድረስ ሁለቱም ማቃሰቱን ሰሙ። ከዚያ ዜማውን ከፈተ፤ ውሃው ጋ ሲደርስ ዙህራ፣ «መዝሙራችሁ!» አለች።

«መዝሙር አይደለም። ‹ተሻጋሪው› ነው፤ አባባ ከሞያሌ ያመጡት ጌም። እኔ ልጅ ሆኜ የሰማሁትን ረስቼ፣ አድጌ መዝሙር አደረግኩት። ከመንፈስ ነው ስል ኖርኩ፤ ያወቅኩት ከትናንት በስቲያ ነው።»

አላመነችውም፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ማጫወቻው ላይ የዜማው ድምፆች ለየብቻ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱን መዝጋት ይቻላል። ልዑልቃል ላይኛውን ዘጋ። አጃቢውን ዘጋ፣ ከበሮ የሚመስለውን ዘጋ። ከሥር ያለው ብቻ ቀረ፤ ወፍራም፣ ቀስ ያለ፣ እየወረደ የሚወጣ።

ዙህራ አፏን በእጇ ያዘች።

«እሱ ነው» አለች። «ይሄን ነው ያፏጭ የነበረው።»

«እሱ ሁሌም ከሥር ነበር። ‹የኛ› ያለሽ የእኔንና የእሱን ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዙህራ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።» ጨርቁ ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ግን ቀና አለች፤ ፊቷ ሌላ ሆኗል። «ታዲያ ለጌም ነው መስኮት የዘጋሁበት?»

ሶፊያን ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ እሱ ራሱ ሃያ ዓመት ያላወቀውን አውቆታል። አውቆ ከሥር ይዞት ነበር። ከቱርሚ አንድ እሁድ እንኳ ብመጣ ኖሮ ብሎ አሰበ። ሁለቱም ያለቅሱ ጀመር፤ ዜማው መዞሩን አላቆመም፤ ማጫወቻው ራሱ እስኪያጠፋው ድረስ የነካው አልነበረም።

ሲወጣ ዙህራ፣ «ለሰው አልናገርብህም» አለችው።

«ተናገሪ» አላት። «እኔም ነገ እናገራለሁ።»

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ጋቢው ትከሻው ላይ አረፈ፣ ማይክ ሰጡት። ልዑልቃል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ዜማ የእኔ አይደለም።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

«እውነቴን ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።»

«ሃሌ ሉያ!» እናቶች እልልታውን አቀለጡት።

«ልጅ ሆኜ ሶፊያን ከሚባል ጓደኛዬ ጋር...» ቢል ማን ይስማው። እልልታው ዋጠው፤ ቤቴል በፈገግታ ማይኩን ከእጁ ተቀበለችው። የልዑልቃል ትሕትና በየቤቱ ለሳምንት ይወራል።

ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠ። በጎን በኩል ባለው በር መንገዱ ይታየዋል፤ ከመንገዱ ማዶ የነዙህራ ቤት መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዙህራ ቆማለች። ቀኝ እጁ ላይኛውን ዜማ ጀመረ፤ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ዜማው ከሥሩ የሚይዘው አጥቶ ዘመመ። መዘምራኑ ዞር ዞር አሉ። ቤቴል ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ግራ እጅህን ምን ነካው?» አለችው። ጆሮውን ወደ መስኮቱ ጥሎ እያዳመጠ ነበር።

ውሃው ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። ትንሽ ጠበቀ። ከማዶ የመጣ ፉጨት አልነበረም። ቀኝ እጁ ብቻውን ተሻገረ።