ዘጠና ዘጠኝ ዲግሪ

ነርሷ ለምትማረው የምርምር ኮርስ የሚሆናትን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለመምረጥ ሰሞኑን ስትዋልል ከርማ፣ ከምሳ በኋላ ላፕቶፗን አቅፋ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገባች። የመምህሩ ትእዛዝ አጭር ነው፤ የፈለጋችሁትን ፕሮግራም ጫኑ፣ የድሮ ጥናታችሁን በእሱ ድገሙ።

ጥናት አላት፤ ያውም የምትኮራበት። የጨቅላ ሕፃናትን ሙቀት በየሦስት ሰዓቱ ቢለኩትም በየስድስት ሰዓቱ ልዩነት የለውም የሚል ነው። የምትሠራበት የሕፃናት ክፍል አምኗት የልኬቱን ዙር በግማሽ ቀንሷል። አሁን ደግሞ ታናሽ እህቷ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጇን ይዛ እዚያው ክፍል ተኝታለች።

የኮምፒውተር ክፍሉን ባለሙያ ሰው ሁሉ «ንቀልና ሰካ» ይለዋል፤ ለማንኛውም ብልሽት የመጀመሪያ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

«አሮጌው ፕሮግራም አልከፍት አለኝ» አለችው። «ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠችኝ ነበር።»

«የተሰረቀ ነዋ። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ እህቴ።»

«የሚሸጠውን ልግዛ?»

«ይሄን ላፕቶፕ ከነቦርሳሽ ሸጠሽም አትደርሺበት። ነፃው ይሻልሻል። ትእዛዙን እየጻፍሽ ነው የምታሠሪው፤ አንዲት ነጥብ ከረሳሽ ያኮርፋል እንጂ ሌላ ክፋት የለውም።»

«ሲያኮርፍ ማን ያስታርቀናል?»

«እኔ እያለሁ?»

ሳቀች። ፕሮግራሙ ተጭኖ አለቀ። የጥናቷን ፋይል ስታስገባ አንድ መስኮት ብቅ ብሎ ያልተለካው በምን ምልክት እንደተጻፈ ጠየቃት። አሮጌው እንዲህ ጠይቋት አያውቅም። «99» ብላ ሞላች። የክፍላቸው ልማድ ነው፤ ዋና ነርሷ ባዶ ሳጥን ካዩ ስለሚቆጡ፣ ልኬት የዘለለ ሁሉ ዘጠና ዘጠኝ ይጽፋል።

በየስድስት ሰዓቱ የተለኩት ሕፃናት አማካይ ሙቀት ወጣ፤ 36.2።

ጥናቷ ላይ ግን 36.8 ነበር፤ በየሦስት ሰዓቱ ከተለኩት ጋር እኩል።

«ተሳስቶ ነው የተጫነው» አለች።

«ልንቀለው?»

«ቆይ።» ያልተለካ የሚለውን ምልክት አጥፍታ እንደገና አሠራችው። 36.8። እጇ ከቁልፎቹ ላይ ተነሳ። አሮጌው ፕሮግራም ዘጠና ዘጠኙን ሁሉ እንደ ሙቀት ቆጥሮት ኖሯል። ዘጠና ዘጠኝ ዲግሪ፤ ሊፈላ ምንም ያልቀረው ውሃ። ዙሩ ሲራራቅ የሚዘለለው ልኬት በዝቶ ነበርና፣ ያልተለኩት የቀዘቀዙትን ሸፍነዋቸዋል።

ስልኳን አውጥታ ለእህቷ ደወለች።

«ሕፃኑ እንዴት ነው?» አለች፣ እህቷ እንዳነሳችው።

«ጭምት ነው እኮ፣ እትዬ። ከጠዋት ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም። በማን እንደወጣ እንጃ።»

ነርሷ ጨቅላ ሲቀዘቅዝ ማልቀስ እንደሚያቆም ስንቱን እናት አስተምራለች።

«ጡት ጠባ?»

«አልፈልግም አለኝ። እንቅልፍ ይዞታል።»

«ልብሱን አውልቂና ደረትሽ ላይ አስተኚው። ከላይ ብርድ ልብስ ደርቢ። ስልኩን ለዋና ነርሷ ስጪልኝ።»

«ምነው? አስፈራሽኝ።»

«ስጪልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

ዋና ነርሷ ስልኩን ተቀበሉ። «ዙሩ ገና ነው። ያራራቅሽው አንቺው አይደለሽ እንዴ?»

«እኔው ነኝ። ጥናቱ ስህተት ነው፣ ሲስተር። አሁኑኑ ይለኩልኝ። ከሱ ቀጥሎ የሌሎቹንም።»

የእግር ኮቴ፣ የመሳቢያ መከፈት ተሰማ። ንቀልና ሰካ የላፕቶፑን ገመድ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቴርሞሜትሩ ጮኸ።

«ሠላሳ አምስት ነጥብ አንድ» አሉ ዋና ነርሷ። ቁጣው ከድምፃቸው ጠፍቷል። «ማሞቂያውን አምጡልኝ፣ ቶሎ።»

የእህቷ ለቅሶ ከሩቅ ተሰማ። የሕፃኑ ግን አልተሰማም።

ስልኩን የዘጋው ሰው የለም። የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈ። ነርሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ቴርሞሜትሩ እንደገና እስኪጮኽ ጠበቀች።