የኖርማን ድምፅ

ኖርማን የእኛ ሰፈር ሰው ነው። እንግሊዝ ካለው ከግሪምስቢ ወደብ እየወጣ ሠላሳ ዓመት ዓሣ አጥምዷል። የአውሮፓ ኅብረት የማጥመጃ ኮታውን ሲያጠብቅ ይሠራባት የነበረችው መርከብ ተቆራርጣ በብረትነት ተሸጠች። ከዚያ ወዲህ የኅብረቱ ስም ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል።

አንዲት ልጁ ሄዘር ያገባችው ራዴክ የሚባል ፖላንዳዊ ነው። ራዴክ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን ዜጋ ስላልሆነ ድምፅ መስጠት አይችልም።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ትውጣ ወይስ ትቆይ በተባለበት ሕዝበ ውሳኔ ዕለት ኖርማን ዳሌውን እያመመው ስለነበር ሄዘር በመኪናዋ ይዛው ሄደች።

«አባዬ፣ ባሕሩን መጀመሪያ የዘጉባችሁ እኮ አይስላንዶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ኅብረቱ ውስጥ የሉም።»

«አንቺ ያኔ መች ተወለድሽና!»

«እሺ፣ ለራዴክስ አታስብለትም?»

«ራዴክን ማን ነካው? እሱማ የእኛ ሰው ነው።»

ክንዱን ይዛ አስገባችው። እሷ «እንቆይ» ብላ መረጠች፤ እሱ «እንውጣ» ብሎ።

በማግስቱ «እንውጣ» ያሉት አሸነፉ። ኖርማንን ጓደኞቹ ቢራ ጋበዙት። ፋብሪካ ውስጥ ግን ምሳ አብሮት ይበላ የነበረ ሰው ራዴክን፣ «ሻንጣህን አዘጋጀህ ወይ?» አለው። ሁሉም ሳቁ።

ማታ ራዴክ አማቱ ቤት ሄዶ፣ «አንተም እንደነሱ ነው የመረጥከው?» ሲል ጠየቀው።

«አንተን ብዬ አይደለም እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን ማን ይለያል?»

ሄዘር ከዚያ በኋላ ከአባቷ ጋር ስታወራ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት እሷና ራዴክ ቤታቸውን ሸጠው ፖላንድ፣ ግዲኒያ ከተማ ገቡ። ኖርማን እየደወለ «መቼ ትመጣላችሁ?» ይላል፤ እሷም «እንጃ» ትለዋለች። የእኛ ወደብ እንደሆነ ያው ባዶ ነው፤ የተመለሰ መርከብ የለም።

ባለፈው መስከረም ዳሌውን ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ሄዘር ብቻዋን መጣች። ሾርባ እየሠራች፣ ፋሻውን እየቀየረች አስታመመችው። ሰላም የወረደ መስሎን ነበር። በአራተኛው ቀን ግን እሷ ዕቃ እያጠበች ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣

«ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምመርጠው» አላት።

ሄዘር እጇን አደራረቀች። «አውቃለሁ፣ አባዬ» አለችና ታክሲ ጠራች።

ኖርማን በመስኮት እያያት ነበር፤ ተመለሽ አላላትም።