ግራ እጅ ወደ ኋላ የሚቀርበት ቦታ

"ይቁሙ! ይቁሙ እስቲ!" አለች ቶሞኤ። "ያቺን ቦታ ይድገሙልኝ። ከላይኛው መስመር ይጀምሩ።"

ኒዋ ደንግጦ እጆቹን ከፒያኖው ላይ አነሳ። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ በጃፓኗ ሳካይ ከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ፒያኖ ግን የጀመረው ገና አምና ነው። ረቡዕ ረቡዕ፣ ሥራ በማይገባበት ቀን፣ የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ ፀጉሩን አበጥሮ እየመጣ ይማራል።

"ተሳሳትኩ እንዴ መምህር?"

"አልተሳሳቱም። ይድገሙት ብቻ።"

ደገመው። ቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ ወደ አዲስ ድምፅ ተሻገረ፤ ግራ እጁ ግን አሮጌው ድምፅ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስምንት ምት ሙሉ፤ ከዚያ እያመነታ ተከተለ። ቶሞኤ የወንበሯን መደገፊያ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ይህን ቦታ ታውቀዋለች። የጻፈችው እሷ ናት።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ለሙዚቃ ኮሌጅ መመረቂያ፣ ሦስት ወር ሙሉ ለፍታበታለች። ፕሮፌሰሩ ያቺን ቦታ በቀይ ቀለም ከበው "ስህተት" ብለው መለሱላት። የሚወዱት የሙዚቃ ደራሲውን ብራምስን ነበር፤ ብራምስ ያላደረገውን ነገር ተማሪ ሲያደርገው ማየት አይወዱም። ከዚያ ወዲያ ቶሞኤ አንዲት መስመር ሙዚቃ አልጻፈችም። ደብተሩንም ፎቅ ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ አርባ ዓመት ሆነው።

"ማነው የጻፈው?" አለች።

"ፍልፈል።"

"ማን?"

"ፍልፈል ነው የሚባለው፣ መምህር። ቅጹ ላይ ጽፌልዎት የለ?"

ጽፏል። ከአሥር ቀን በኋላ ለሚደረገው የተማሪዎቿ ኮንሰርት ሁሉም ቅጽ ሞልተዋል፤ በጣም የሚወዱትን የሙዚቃ ደራሲም እንዲጽፉ ጠይቃለች። ሌላው ሰው ባህና ሾፓን ሲል ኒዋ "ሹማን እና ፍልፈል" ብሎ መልሷል። ቶሞኤ ቀልድ መስሏት አልፋዋለች። የሚጫወተውንም ቁራጭ "ድንገት ላሰማዎት" ብሎ ቤቱ ብቻውን አጥንቶ ነው ይዞ የመጣው።

"የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ነው" አለ ኒዋ፤ ጉዳዩ ሲነሳ ፊቱ በራ። "ያን ጊዜ ኩባንያዎቹ የሠራተኞቻቸውን ስም ይደብቁ ነበር፤ ሌላው ኩባንያ እንዳይነጥቅባቸው። ጌሙ ሲያልቅ ስም ዝርዝር ይመጣል፤ ምን ዓይነት ስም መሰለዎት! 'ዱባ'፣ 'ጥርሶ'፣ 'ፍልፈል'።"

"ትክክለኛ ስሙንስ?"

"ማንም አያውቅም። እኛ አድናቂዎቹ ስንት ዓመት ፈለግነው! እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ፋብሪካ ነበረች፣ የቤት ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው ከትምህርት ቤት የምገባው። ጌሙ ላይ ደግሞ መንገደኛው ስንት አገር ዞሮ ቤቱ ሲደርስ ማንም የለም፤ ያኔ ነው ይቺ ዜማ የምትመጣው።" ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። "እቺጋ ግራ እጁ ወደ ኋላ ይቀራል አይደል? የሚመጣ ሰው አለ ብሎ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ሹማንም ቢሆን እንዲህ አላስለቀሰኝም፣ እውነቴን ነው።"

ቶሞኤ ፊቱን አፍጥጣ አየችው። መጀመሪያ የጠረጠረችው እሱኑ ነው። ባለፈው ወር ጃንጥላ ረስቶ ሲመለስ እሷ ስልክ ላይ ነበረች፤ ፎቅ ወጥቶ ይሆን እንዴ? ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ይሆን?

"ኖታውን ከየት አመጡት?"

"ከኢንተርኔት ነው ያተምኩት። ምነው መምህር? ጌም ስለሆነ ደስ አላለዎትም?" ስልኩን አውጥቶ ከዋናው ጌም የተቀዳውን አሰማት። ሦስት ቀጫጭን ድምፆች፣ እንደ ትንኝ የሰለሉ። ከሥሩ የወጣበት ዓመት ተጽፏል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፎታል። ግራው ድምፅ እዚያችው ቦታ ላይ ስምንት ምት ቆሞ ጠበቀ።

እንግዲህ ኒዋ ንጹሕ ነው፤ ሌባ ከነበረም የዘጠኝ ዓመት ሌባ ነበር ማለት ነው። ይቅርታ የመጠየቅ ያህል አጎንብሳ ሸኘችው።

በሩን እንደ ዘጋች እዚያው ቆማ አሰበች። ከእሷ ሌላ ደብተሩን ሊነኩት የሚችሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፕሮፌሰሩ በዚያው ክረምት ሞተዋል፤ ጌም የሚባል ነገር ስለ መኖሩም የሰሙ አይመስላትም። ሁለተኛው ሰው አሁን ገበያ ወጥቷል፤ ባሮ ሽንኩርትና የአኩሪ አተር ቶፉ እንዲያመጣ የላከችው ራሷ ናት።

ባሏ ኪዮታካ ወደ መስሚያ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ከመዛወሩ በፊት ዘጠኝ ዓመት በአንድ የጌም ኩባንያ ሠርቷል። ምን ትሠራለህ ስትለው "የበር ድምፅ፣ የዝላይ ድምፅ፣ ሳንቲም ስትለቅሚ ኪሊንግ የሚለው" ይላት ነበር። እሷም ከዚያ በላይ ጠይቃ አታውቅም። እንዲያውም አንድ ጊዜ እንግዶች ፊት "ባሌ ጆሮ የሚያደነቁር ነገር ነው የሚሠራው" ብላ ሰው አስቃለች። እሱም አብሮ ስቋል።

ፎቅ ወጣች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ፣ የክረምት ብርድ ልብሶቹን አውጥታ፣ ከሥር ካለው ካርቶን ደብተሩን ጎተተችው። ባይኖር ይሻላት ነበር፤ ግን አለ። ገለጠችው። ቀዩ ክብ እንዳለ ነው። አጠገቡ ግን እሷም ፕሮፌሰሩም ያልጻፉት ነገር አለ፤ በቀጭን እርሳስ፣ ድምፆቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ቁጥሮች፤ ከሦስት የተረፉት ድምፆች ላይ ደግሞ ትንንሽ የኤክስ ምልክቶች። የሁለት ቁጥሩ እግር ወደ ላይ ተጠቅልሏል።

ደብተሩን ይዛ ወጥ ቤት ወረደች። ግድግዳው ላይ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን የሚጻፍበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ የሚጽፍበት ኪዮታካ ነው። ሃያ ሁለትን አየች። ሁለቱም ሁለቶች እግራቸው ወደ ላይ ተጠቅልሏል። ቶሞኤ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሯት የተኛ ሰው ነው።

ኪዮታካ ባሮ ሽንኩርቱ ከከረጢቱ ወጥቶ እየተንጠለጠለ ገባ።

"ቶፉው ተወደደ፣ አይገርምሽም?" አለ ጫማውን እያወለቀ። "ኒዋ ሄደ እንዴ?"

"ሄደ። እስቲ ልጠይቅህ። ያኔ ጌም መሥሪያ ቤት ሳለህ ቅጽል ስምህ ማን ነበር?"

"ምን ነካሽ ዛሬ?"

"ለጨዋታ ነው። ሁላችሁም ቅጽል ስም ነበራችሁ አሉ።"

"እንጃ… ማን ያስታውሰዋል! የእኔ ስም የሚወጣበትም አልነበረም። የበር ድምፅ ለሠራ ሰው ማን ስም ያወጣለታል!" ሳቀ፤ ወደ ማቀዝቀዣው ዞሮም ቶፉውን ሲያስገባ ብዙ ቆየ።

ዋሸኝ አለች በልቧ። ስርቆቱን እንኳ ምናልባት ልትችለው ትችል ነበር፤ አሁን ዓይኗ እያየ መዋሸቱ ግን አንጀቷን አሳረረው። ምንም ሳትናገር ወደ ፒያኖው ሄደች፤ ደብተሩን ዘረጋች፤ መጫወት ጀመረች። ሦስት ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ስድስቱንም፣ ሰባቱንም፣ የጻፈችውን ሁሉ። ግራ እጇ ወደ ኋላ የሚቀርበት ቦታ ስትደርስ ኪዮታካ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ዓመድ መስሏል።

"ፍልፈል" አለችው፤ እጇን ሳታነሳ።

እሱ ዓይኑን ደብተሩ ላይ ተከለ።

"አንተን እኮ ነው!"

"አቤት" አለ በመጨረሻ። "እኔ ነኝ።"

"ሰረቅከኝ። ኒዋ ለኮንሰርቱ ያጠናው የእኔን ዜማ ነው።"

"ሰረቅኩሽ።" ሰሌኑ ላይ ተንበረከከ። "አንዲት ዜማ ጎድላን ነበር። ጌሙ በማግስቱ ፋብሪካ ይገባል፤ ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ደብተርሽን ቀድሞም አይቼዋለሁ፤ ማታ ማታ ሳትሰሚኝ አንጎራጉረው ነበር። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከሦስት ድምፅ በላይ አያወጣም፤ ቀነስኩና ሰጠኋቸው። ላስፈቅድሽ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን የዚያን ሰሞን ነው 'ጆሮ የሚያደነቁር' ያልሽው።"

"አሁን ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ነው!"

"አልወጣኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ከዚያ በኋላስ? ሠላሳ ስድስት ዓመት አፍህን ማን ያዘው?"

"ፈራሁ። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ ኩባንያው ደውሎ ነበር። በትልቅ ኦርኬስትራ ሊያስጫውቱት ነው፣ ስምህን እናውጣ አሉኝ። ስሜን ብሰጥ አንቺ ፊት ሌባ ነኝ። ያንቺን ብሰጥም ያው ነው። ፍልፈል ብላችሁ ተዉት አልኳቸው።"

"በኦርኬስትራ?" አለች ቶሞኤ።

"በሰማንያ ሰው። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁት።"

የት ነህ ስትለው ጥርስ ሐኪም ጋ ብሏት የዋለበት ቀን መሆን አለበት። ያን ቀንም ጠርጥራው ነበር፤ የጠረጠረችው ግን ሌላ ነገር ነው። አሁን እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

"ዜማውን ወሰድከው፣ እሺ። እኔ ግን አርባ ዓመት ሙሉ፣ ይሄ ስህተት ነው፣ ማንም ሊሰማው አይፈልግም እያልኩ ኖርኩ። ስንት ልጅ እቺጋ ሲደርስ እንደሚያለቅስ አንተ ታውቅ ነበር። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሌላ እጽፍ ነበር እኮ!"

ኪዮታካ አንገቱን ደፋ።

"ሌላስ የወሰድከው አለ?"

"የለም።"

"የበር ድምፅ ነው የምሠራው ብለኸኝም ነበር። የሠራሃቸውን ጌሞች በሙሉ ታመጣቸዋለህ፤ ከዳር እስከ ዳር እሰማቸዋለሁ።"

"አመጣቸዋለሁ። ሰባት ናቸው።"

ሰባት መሆናቸውንም ልታጣራ በልቧ ያዘች። ከፒያኖው ላይ ላጲስ አንስታ ደብተሩን አቀበለችው። "ምልክቶችህን አጥፋልኝ። ቀዩን እንዳትነካ።" እሱም ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ። ወረቀቱ አርጅቷልና እንዳይቀደድ እጁን ቀለል ያደርጋል። እሷ ከበላዩ ቆማ አየችው፤ አንዷን እንኳ እንዲያልፍ አልፈለገችም።

የኮንሰርቱ ፕሮግራም ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። የኒዋን ተራ ሲያስብ ኪዮታካ ቀና አለ።

"የኒዋ ላይ ስሙን ለውጪው። ያንቺን አድርጊበት።"

ቶሞኤ አሰበች። ኒዋ ልጅ ሆኖ በባዶ ቤት የወደደው ባለ ሦስት ድምፁን ነው፤ የወደደውም ፍልፈልን ነው። የእሷ ሌላ ነው። ስልኩን አንስታ ማተሚያ ቤት ደወለች፤ ያነሳችው የምታውቃት ልጅ ናት።

"ቶሞኤ ነኝ፣ የፒያኖዋ። የመጨረሻውን ቁጥር፣ እኔ የምጫወተውን… አዎ፣ ብራምስን አውጪልኝና ሌላ ተኪበት። ርእስ የለውም። ደራሲዋ ኢናባ ቶሞኤ።"

"ኢናባ የእርስዎ ስም ነው እንዴ መምህር?"

"የአባቴ ቤት ስም ነው። ከኒዋ ቀጥሎ ይሁን፣ ሳይራራቅ። ደግሞ የኖታ ገላጩንም ስም አስገቢልኝ።"

"ወረቀት የሚገልጠውን ሰው? የሱን ስም ጽፈን አናውቅም እኮ።"

ኪዮታካ ላጲሱን ይዞ አያት። ቶሞኤ ዓይኑን ሳትለቅ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

"ዘንድሮ ይጻፍ። ፍልፈል በይው።"

"ቶሞኤ፣ ኒዋ እኮ እዚያው ነው! ሰው ሁሉ ያየኛል!" አለ ኪዮታካ።

"ያይሃል" አለችው። "እኔ አጠገብ ነህ፤ በግራ በኩል ኖታ እየገለጥክ።" ለልጅቷም ስሙን ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ነገረቻት።