የበድሩ እጅ

ባሌ በድሩ ቡሬ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። በዕድሜው አንዲት ጠብታ አረቄ ቀምሶ አያውቅም፤ ሐሜተኛው ግን ጠጪ አደረገው። ምክንያቱ እጁ ነው። መርፌ ሲያነሳ፣ ብርጭቆ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። እሱ ደግሞ አፍሮ እጁን ኪሱ ውስጥ መክተት ጀመረ፤ ያኔ ሐሜቱ ባሰ።

ነገሩ ልጃችን ናጂሃ ላይ ደረሰ። የእጮኛዋ አጎት ሚፍታህ «የጠጪ ልጅ ቤታችን አትገባም» ብሎ ሽማግሌ መላኩን አስቀረ። ናጂሃ ስታለቅስ ሳይ ደሜ ፈላ።

«ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«ለእጅ መንቀጥቀጥ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

ጎትቼ ሚኒባስ ላይ ጫንኩት።

ፍኖተ ሰላም ላይ ዶክተር ዮርዳኖስ የምትባል ወጣት ሐኪም አየችው። እጁን ጭኑ ላይ ሲያሳርፍ መንቀጥቀጡ ጸጥ አለ። ብዕር ሰጥታ ከመሐል እየዞረ የሚሰፋ መስመር እንዲስል ስትጠይቀው ግን መስመሩ ተርገፈገፈ።

«አባባ፣ ከቤተሰብዎ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ነበር?»

«አባቴ። የእሳቸውም እጅ አያርፍም ነበር።»

«በዘር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ እጅ ሲያርፍ ነው የሚብሰው። ከመጠጥም አይደለም።»

የመጨረሻዋን ቃል በወረቀት ጻፊልኝ ልላት ምንም አልቀረኝም። አስም እንደሌለበት ጠይቃ፣ የልብ ምቱን ቆጥራ መንቀጥቀጡን የሚያሰክን ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን አዘዘችለት። መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመረችለት ሁለት ወር አለፈ። መንቀጥቀጡ ጨርሶ ባይተወውም እጁ ሰከነ።

ያኔ እኔው ሄጄ ሚፍታህን ሱቅ ድረስ ይምጡልን አልኩት። መጣ። በድሩ ሰላም ብሎት፣ ሽማግሌ ገና ባይላክም፣ ለልጆቹ ኒካህ የሚለብሰውን ኮት ሊሰፋለት ለካው። ገበያተኛው እያየ ውዱን ሱፍ ዘረጋና መቀሱን ከዳር እስከ ዳር ነዳው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።

«ሕመም ነው፣ ከአባቴ የወረስኩት» አለ ቀና ብሎ። «ያጠፋሁት መደበቄ ነው።»

ሚፍታህ የተቆረጠውን ጨርቅ በጣቱ ዳሰሰ። «ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ፤ አውፍ በሉኝ። ጁምዓ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ።»

ደስታዬን አልቻልኩትም፤ እልል አልኩ፤ ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሚፍታህ ሊወጣ ሲል ጠጋ አለኝና ድምፁን ቀነሰ።

«ራጂያ፣ ያቺ ዶክተር ቁጥር ስንት ክፍል ናት? የእናቴም እጅ ብርጭቆ አያጸናም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ማስቀመጥ ከጀመርናት ሁለት ዓመታችን ነው።»