ዜማውን ማን ይጀምር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሞት የተቃረበችውን እማሆይ ሃድዊግን፣ እንደ ገዳሙ ልማድ፣ ከአልጋዋ አውርደው ማቅ ላይ በተነሰነሰ አመድ ላይ አስተኟት። ከዚያ የእንጨት ሰሌዳው ተመታ። በረግረጉ ዳር ባለው በዚያ ገዳም ሰሌዳው ከተመታ ነፍስ ልትወጣ ነው፤ እህቶች ሁሉ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ፣ ሊጥ ያቦካችው በሊጥ እጇ፣ በግ የምትሸልተው ከነመቀሷ። ሮጠው መጥተው ከበቧት። ወጣቷ ቤኬ ትንሿን የዜማ መጽሐፍ ገልጣ የመሰናበቻውን ዜማ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተቀበሉ።

መጽሐፏን የጻፈቻት ራሷ ሃድዊግ ናት። በአንድ እጅ ሻማ፣ በሌላው መጽሐፍ ይዘው ስለሚዞሩ ከመዳፍ እንዳትበልጥ አድርጋ ብራናውን ቆረጠች፤ መስመሩን በቀይ፣ የዜማውን ነጥብ በጥቁር እያሰፈረች ዓይኗ እስኪደክም ለፍታባታለች። ስንቷን እህት በዚያች መጽሐፍ ሸኝታለች! ለሞት የሚያሰናዳውን የመጨረሻውን ቅባት የተቀባች ቀን ግን፣ መነኩሲት የኔ የምትለው ነገር የላትምና፣ መጽሐፏም የዜማ መሪነቱም ለቤኬ ተላለፉ። ቤኬ ወላጆቿ ገዳሙ በር ላይ ጥለዋት የሄዱ፣ ሃድዊግ በጉያዋ ያሳደገቻት ልጅ ናት።

ዜማው መሃል ሲደርስ የእህቶቹ ድምፅ ወረደ። ሬሳ ለመሆን ጥቂት የቀራት ሴትዮ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ወረዳችሁ» አለች ሃድዊግ። «ምን እንደ ሰካራም ጋሪ ነጂ ታላዝናላችሁ? ከላይ ጀምሩት።»

አንዷ ጮኸች፣ አንዷ ሳቀች። ሃድዊግ ቀና ብላ ተቀመጠችና ለበሽተኛ የሚሠራውን የቢራ ሾርባ ጠየቀች። የዚያን ዕለት ገዳሙ ሲሳሳቅ አመሸ። «አንቺ እኮ ጌታ ራሱ ቢጠራሽ፣ ቆይ መጀመሪያ ድምፅህን አስተካክል ነው የምትይው!» ይሏት ነበር።

ሳቁ እሁድ ጠዋት ቆመ። መቃብሯ ለካ ተቆፍሮ ኖሯል። በዚያ አገር የተከፈተ መቃብር እሁድን ባዶውን ካለፈ ሰው ይጠራል ይባላል። ሃድዊግ በዚህ ወሬ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅበት ኖራለች። በምሳ ሰዓት የበሽተኞቹን አስታማሚ ታሌን ተደግፋ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ብትሄድ፣ ቦታዋ ላይ የእንጨት መስቀል ቆሞ አገኘች። የሞተች እህት ቦታ ላይ መስቀል ይቆማል፣ ድርሻዋም በር ላይ ለቆመ ድሃ ይሰጣል፤ የእሷም ተሰጥቷል። መስቀሉን ማንም አላነሳላትም። ከዚያ ወዲያ መተላለፊያው ላይ ሲያገኟት ግድግዳ ታክከው ያልፏት ጀመር። ሾርባውም ቀረ።

ሰኞ ጠዋት፣ ጸሎት ላይ፣ ቤኬ ወደቀች። ታሌ ወደ በሽተኞቹ ክፍል አምጥታ ከሃድዊግ አጠገብ አስተኛቻት። ገላዋ እሳት ነው።

«ሾርባው የት ደረሰ ታሌ? ለእኔ እንኳ ቢቀር ለልጅቷ አምጪላት።»

«ለልጅቷማ እየተሠራ ነው።»

«ለእኔስ?»

ታሌ የተስተካከለውን አንሶላ እንደገና ታስተካክል ገባች። ሁለቱ በአንድ ቀን የመነኮሱ ጓደኛሞች ናቸው። «እኔ የከለከልኩሽ እንዳይመስልሽ ሃድዊግ። አትስጫት አሉኝ።»

«እነማን?»

«ሁሉም። ጉድጓዱ የጠራው አንቺን ነበር፣ አንቺ እንቢ ብትይው ልጅቷን ያዘ ይላሉ። ምን ላድርግ፣ አፋቸውን አልሰፋው!»

ሃድዊግ በንዴት ግድግዳ ይዛ ተነሳች። እንደምንም እመ ምኔት ዩታ ክፍል ደረሰች።

«ጉድጓዱን ያስደፍኑልኝ።»

«ማን ይደፍነዋል? ቆፋሪው አካፋውን ጥሎ ወደ መንደሩ ሸሽቷል። ባዶ መቃብር የደፈነ ተረኛው እሱ ነው አለ።»

«እርስዎም ያምኑበታል?»

«እኔ? የባልቴት ወሬ!» አለች ዩታ። ዓይኗ ግን ከመስኮቱ አልተነቀለም፤ ከመስኮቱ ወዲያ ጉድጓዱ እስከ ግማሹ የዝናብ ውሃ ቋጥሮ ይታያል። «ግን ሃድዊግ፣ ልጅቷ ብትሞት ከዚህ ሁሉ ሴት ጋር እንዴት ትኖሪያለሽ? እኔስ ከስንቷ አስጥልሻለሁ?»

ሞትን ያልፈራችው ሃድዊግ ያኔ ሴቶቹን ፈራች።

ተመልሳ ቤኬ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷ ትቃዣለች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወሬ ወሬ የሚሆነው የሌላ ሰው ልጅ ስትታመም ነው። የራስ ልጅ ስትቃጠል ማን ደፍሮ ይስቃል? ሃድዊግ እስኪደክማት አለቀሰች።

«ታሌ፣ አመዱን ዘርጊልኝ።»

«ኧረ ተይ እባክሽ!»

«ሾርባ ከልክለሽኝ ደግሞ ተይ ትይኛለሽ? ዘርጊው። ሰሌዳውንም አስመቺ።»

እህቶቹ ከቅዳሜው ፈጥነው መጡ። አመዱ ላይ ተጋድማ ሲያዩዋት በእርግጥ እየሞተች እንደሆነ የጠየቀ የለም። ግን ዜማውን ከመሪዋ በቀር ማንም አይጀምረውም። ሁሉም ወደ ቤኬ አልጋ ዞሩ። ሁለት እህቶች በብብቷ ገብተው አነሷትና መጽሐፏን አስያዟት። ልጅቷ አመዱን አየች፣ ሃድዊግን አየች፤ ገባት።

«አልጀምርም።»

«ቤኬ፣ በገባሽው የመታዘዝ ቃል አዝሻለሁ» አለች ዩታ።

«ይቅጡኝ እመ ምኔት። እማሆይ እኮ እያዩኝ ነው! ሰው በቁሙ አልሸኝም።»

«አንቺ ሞኝ፣ እንግዲያው የምትሞቺው አንቺ ነሽ!» አለች አንዷ ከኋላ።

«ልሙታ!»

ሃድዊግ ይህን ስትሰማ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና መጽሐፏን ያዘች። ቤኬ ደረቷ ላይ አጥብቃ አልለቅም አለች። ሁለት አቅም ያጡ ሴቶች ተጓተቱ። የልጅቷ ጣቶች ያቃጥላሉ።

«ልቀቂ ልጄ» አለች ሃድዊግ ቀስ ብላ። «አንቺን የምሸኝ ቀን እኔ ምን ልሆን ነው? ልቀቂ።»

ቤኬ ለቀቀች።

ሃድዊግ መጽሐፏን ገለጠች። ማየት አያስፈልጋትም ነበር፤ የሚጨበጥ ነገር ፈልጋ ነው። ከዚያ በሰለለ ድምፅ የራሷን መሰናበቻ ጀመረች። የመጀመሪያውን ሐረግ ጨርሳ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ምነው አንድም ሰው ባልተቀበለኝ ብላ ተመኘች። እህቶቹ በአንድ አፍ፣ በሙሉ ድምፅ ተቀበሏት፤ ከቤኬ በቀር ዝም ያለች አልነበረችም።