አለቃ ክፍል የገባ ቀን

አብረዋት የሚማሩት ልጆች «መርማሪዋ» ይሏታል። መምህር አንድ ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ እጇ ይነሳል። የሥነ ልቦና ትምህርት ከተጀመረ ወዲህማ ጭራሽ ብሶባታል። ሰው ለምን ይተኛል? ተኝቶስ ራሱን ያውቃል? ሕፃን «እኔ» ማለት የሚጀምረው መቼ ነው? የሥነ ልቦናዋ መምህርት ደግሞ ጥያቄ የማይሰለቻቸው ሴት ናቸው። ሁለቱ ወሬ ከያዙ የቀረው ተማሪ የሚጠብቀው ደወሉን ነው።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከተማው ሲተኛ ወጥቶ ከተማው ሲነሳ ይገባል። ቀን እሱ ሲተኛ ቤተሰቡ በእግሩ ጣት ይራመዳል፤ ድስት እንኳን የሚከደነው እንደ ሌባ ቀስ ተብሎ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ዛሬ ስለ እንቅልፍ ተማርን» ያለችው።

«እንቅልፍ ደግሞ ትምህርት ሆነ!» ብሎ ሳቀ አባቷ። «እኔ አጥቼው የምሰቃይበትን ነገር አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትማሪዋለሽ?»

ሳቅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እሱ ግን አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ከሥነ ልቦናው ጋር በአንድ ሰዓት ነው የሚሰጠው፤ ተማሪው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። «ሥራ የሚያስይዘው እያለ!» አለና ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ወደዚያ እንድትዛወር ፈረደባት። ለመነችው፣ አኮረፈችው፣ ምሳዋን ጥላ ተነሳች። በመጨረሻ እናቷ መሀል ገባች።

«ሳታይ አትፍረድ» አለችው። «ሄደህ እየው። ካልጣመህ ያኔ ታዛውራታለህ።»

የሚታይም ነገር ነበር። መምህርቷ የሕፃናትን ዕድገት ሊያስተምሩ አስበው፣ ቤቱ ሕፃን ያለው ተማሪ እንዳለ ጠይቀው ነበር። መርማሪዋ ወንድም አላት፤ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ዳዴ የሚል። ቤቱ በሙሉ በእሱ ትእዛዝ ስለሚያድር «አለቃ» ይሉታል። ሙከራው ቀላል ነው፤ ኳስ አሳይቶ በጨርቅ መሸፈን። በጣም ትንሽ ሕፃን ዕቃው ከዓይኑ ሲሰወር ከነጭራሹ የጠፋ ያህል ይተወዋል። አለቃን የሚያህል ግን ጨርቁን ገልጦ ሊፈልገው ይገባል። እናትየው የሙከራው ዕለት ሥራ ስለነበረባት፣ ልጁን የሚያመጣው አባትየው ሆነ፤ ከሌሊት ሥራ ተመልሶ፣ እንቅልፉን ሠውቶ። እንዴት እንዳጉረመረመ ባልጽፈው ይሻላል።

የሚያሳዝነው፣ ስህተቱን የሠራው ከቅን ልብ ነው። አለቃ ረፋድ ላይ መተኛት ልማዱ ነው። አባትየው ግን «ሰዓቱ ሲደርስ ተኝቶ እንዳያሳፍረን» ብሎ፣ ሲያንቀላፋ እየኮረኮረ፣ ሲያዛጋ እያዘለለ እንቅልፉን ከለከለው። እንቅልፍም እንደ ሊጥ የሚቆይ መሰለው፤ ሊጥ ቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ቆይቶ ይነሳል፤ ዳቦውም ይጣፍጣል እንጂ አይበላሽም። እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ እንቅልፉን ሲያቆይ ነው የኖረው። ሕፃን ሊጥ እንዳልሆነ ማን ይንገረው?

አለቃን ክፍሉ መሀል ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። አባቱ ከኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። መርማሪዋ ኳሱን አሳየችው። ተማሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አለቃ ኳሱን አየት አደረገ፣ በሰፊው አዛጋ፣ ክንብል ብሎ ተኛ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መርማሪዋ እርዳታ ፍለጋ ወደ አባቷ ዞረች፤ የእሱም አገጭ ደረቱ ላይ ወድቋል። እንዲያውም ያንኮራፋል።

«አለቀልኝ» አለች በልቧ። እንባዋ ደርሶ ነበር።

መምህርቷ ግን እጃቸውን በደስታ አፋተጉ። «ዝም በሉ፣ እንዳትቀሰቅሷቸው! ይህን ቢፈልጉት የት ይገኛል? የትንሽም የትልቅም እንቅልፍ በአንድ ክፍል! ነይ መርማሪዋ፣ አስረጂን።»

እንባዋን ጠርጋ ጀመረች። የአለቃ ዓይኖች ከቆባቸው ሥር ሲንቀሳቀሱ አሳየቻቸው፤ ፈገግታው መጥቶ ሲሄድ፣ ከንፈሩ የሌለ ጡት ሲጠባ። ሕልም በብዛት የሚታየው እንዲህ ባለ እንቅልፍ ላይ እንደሆነ ነገረቻቸው። «ምን ያልማል?» አለ አንዱ። «ትእዛዝ እየሰጠ ነዋ!» አለች፤ ሳቃቸውን አፍነው ሳቁ። ከዚያ ወደ አባቷ ሄደች።

«አባቴ ሌሊት ነው የሚሠራው» አለች። «ሰውነታችን በብርሃን የሚመራ ሰዓት አለው ብለን የለ? እሱ ከዚያ ሰዓት ጋር እንደተጣላ ነው የሚኖረው። ቀን ቢተኛም እንቅልፍ አይጠግብም። ምሳ ላይ የሚቆጣውም...» ቆም አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቁጣው ጠባዩ ነበር የሚመስላት። «ደክሞት ነው» አለች፤ በጣም አሳዘናት፣ በጣምም ወደደችው።

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አባቷ ፊት ላይ ስታርፍ አንዷ ጓደኛዋ ሹራቧን አውልቃ ቀስ ብላ ፊቱን ሸፈነችለት።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል አለቃ ነቃ። መርማሪዋ ተስፋ ሳትቆርጥ ኳሱን አሳይታ ሸፈነችው። እሱ ግን ለኳሱ ደንታም አልነበረው። ግራ ቀኙን አየ፤ የማያውቀው ፊት ብቻ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል መምህርቷ «ቆይ» አሏት። አለቃ ዳዴ እያለ በወንበሮቹ መሀል ገባ፤ ተማሪዎቹ እግራቸውን እያነሱ አሳለፉት። እያንዳንዱ ወንበር ሥር ቆም እያለ ቀና ይላል። ከኋላ ደርሶ የአንዱን ሰውዬ ሱሪ ጨምድዶ ቆመ፤ የተንጠለጠለውን የሹራብ እጅጌ ያዘና ጎተተው። የአባቱ ፊት ብቅ አለ። አለቃ በሳቅ ፈነዳ፤ ክፍሉ ጭብጨባውን አቀለጠው።

«ተቃጠለ?» ብሎ አባትየው ብድግ አለ። ዙሪያውን አይቶ ምድጃ አጣ። «ኳሱስ? አገኘው?»

«ኳሱን ተወው» አለችው መርማሪዋ እየሳቀች። «አንተን ነው የፈለገው።»

«ፊትዎ ተሸፍኖ ነበር» አሉት መምህርቷ። «ባያይዎትም መኖርዎን ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው ፍለጋ የወጣው።»

አባቷ ተመልሶ ተቀመጠና አለቃን ጭኑ ላይ አደረገው።

«ማታ ማታ ተኝቶ ጥዬው ስወጣስ?» አላት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ሲነቃ የለሁም። ያኔም እንዳለሁ ያውቃል?»

«ያውቃል አባዬ። እኔም ትንሽ ሆኜ አውቅ ነበር።»

ደወሉ ተደወለ፤ ማንም ቶሎ አልተነሳም። አባቷ ዓይኑን በመዳፉ አሻሸና ልጁን ትከሻው ላይ አወጣው።

«ሒሳብ አያያዙ ይቅርብሽ» አላት። «ይህንን ተማሪ። የተማርሽውን ደግሞ ማታ ከመውጣቴ በፊት ትነግሪኛለሽ።»