የባንኮኩ ሩቢ

«ደግ ሰው ነበር» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ከተከራዩት የፕላስቲክ ወንበሮች የማይነቃነቀውን መርጦ እየተቀመጠ። «እንደ መሸሻ ያለ ሰው ካምፓላ ውስጥ ዳግመኛ አይገኝም።»

የመሸሻ ሚስት ጸሐይነሽ ከግድግዳው ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆና ሰማችው። የንፍሮ ሳህን ይዛ ነበር። ሳህኑን ፊቱ ላይ ብትደፋው ምን ይል ይሆን ብላ አሰበች፤ ስንዴውና ሽምብራው በከረባቱ ላይ ሲንከባለል ታያት። አላደረገችውም። ሳህኑን አስቀምጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ያለቀሰች መሰላቸውና «አይዞሽ፣ ቻይው» አሏት። ምኑን ነው የምትችለው? የያዛት ንዴት ነው፤ ለተናደደ ሰው ደግሞ ማንም ቻይው አይልም።

ይኸው ደግ ሰው ነበር ባይ፣ ባለፈው ፋሲካ መሸሻ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሊስመው ጠጋ ሲል ሞባይሉን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያለፈ ሰው ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ትልቅ ሰው ነው፤ ነጭ መኪና ከነሾፌሩ አለው። ለስደተኛው ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ሥራ የሚያፈላልገው እሱ ስለሆነ፣ እሱ ሰላም ያላለውን ሰው ሌላውም ሰላም ሳይለው ቀረ። ሌባ የሚለውን ቃል በአደባባይ አልተናገረውም። አንድ ሁለት ሰው ጆሮ ላይ ጣል አደረገው፤ የቀረውን ሐበሻው ራሱ ጨረሰለት።

አሁን ሁሉም መጥተዋል። የመሸሻን ሱቅ ላለማየት መንገድ ሲቀይሩ የከረሙት ሰዎች ድንኳን ተክለዋል፣ ውሃ በጄሪካን ያመላልሳሉ፣ ጥግ ይዘው ካርታ ይጫወታሉ። ጸሐይነሽ ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላለች፤ በልቧ ግን ትራገማለች። ያላናደደቻት የቤት አከራይዋ ናካቶ ብቻ ናት። ናካቶ ማቶኬ የሚሉትን በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሙዝ ምግብ ይዛ መጥታ «ኪታሎ፣ ኪታሎ ንዮ» ብላ አጽናናቻትና ከጎኗ ዝም ብላ ተቀመጠች።

መሸሻ ወርቅ ሠሪ ነበር። ዋንዴገያ ሰፈር ውስጥ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በሞባይል ጠጋኝ መሃል የተሰነቀረች ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተበጠሰ ሐብል ያስቀጥሉበታል፤ ሐበሻው የቃል ኪዳን ቀለበት ያሠራበታል። ልቡ ግን ድንጋይ ላይ ነበር፤ ከድንጋይም ሩቢ ላይ። ከኬንያና ከታንዛኒያ የሚመጣለት ሩቢ ቀይነቱ ደስ ቢልም ውስጡ ይደፈርስበታል፤ አንድ ቀን የበርማውን በእጄ ባደረግሁ እያለ ይቆጫል። እራት ሲበሉ ለጸሐይነሽ ያስተምራታል። ሩቢን ከአልማዝ በቀር የሚጭረው የለም። እሳት አይፈራም። የበርማ ወታደሮች ሩቢን ሥጋቸው ውስጥ ከቀበሩት፣ ጦር የማይነካቸው ይመስላቸው ነበር። ባለቤቱ ላይ ክፉ ነገር ሊመጣ ሲል ይጠቁራል የሚሉም አሉ።

«አንተ ላይ ክፉ ነገር ቢመጣ በምን እናውቃለን? አንድ ሩቢ የለህ» ትለዋለች።

«አንቺ አለሽኝ አይደል? አንቺ ትጠቁሪያለሽ» ይላታል።

ዛሬ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ይህ ትዝ ሲላት ይብሱን ተናደደች። ሰው እንዴት በሚስቱ ላይ እንዲህ ብሎ ይቀልዳል?

ሀብተ ጊዮርጊስ ባንኮክ ለስብሰባ ሄዶ ሲመለስ ሩቢ ይዞ መጣ። ሁለቱን ትንንሽ ድንጋዮች እዚያው ለሚስቱ ለመቅዲ ጉትቻ አሠርቶባቸዋል፤ ትልቁን ግን መሸሻ ቀለበት ላይ ፈርጥ አድርጎ እንዲያስገባለት በወረቀት ጠቅልሎ አመጣው። ሦስቱንም ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ ሣጥን ነው የገዛቸው። መሸሻ ትልቁን በማጉያ መነጽሩ ገልብጦ፣ አገላብጦ አየው። እንከን አላገኘበትም። በዚያ ቀን ቤት የገባው እያፏጨ ነበር። «ጸሐይ፣ ዛሬ የዓይኔ ረሃብ ወጣልኝ» አላት።

ቀለበቱ አልቆ ሊረከቡት በሚመጡበት ጠዋት ድንጋዩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ውስጡ በነጫጭ ስንጥቅ ተሞልቷል። መሸሻ ቤት የመጣው ፊቱ አመድ መስሎ ነው። «ሩቢነቱ ሩቢ ነው፤ ግን ያ ሩቢ አይደለም። ሰው ለውጦታል» አለ። ሀብተ ጊዮርጊስ መጥቶ አየና አልጮኸም። መሸሻም «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለው። ለምን እንዲህ እንዳለ ለጸሐይነሽ አልነገራትም። ሀብተ ጊዮርጊስም ያን ቃል ይዞ ወጣ።

በዚያው ሳምንት መሸሻ የጸሐይነሽን ታናሽ ወንድም ይልቃልን ከሱቁ አባረረው። ይልቃል ሙያውን የተማረው ከመሸሻ ጎን ተቀምጦ ነው፤ የሱቁ ቁልፍ እንኳ ከመሸሻ ሌላ በእሱ እጅ ብቻ ነበር። በደቡብ ሱዳን ሰላም ወረደ ተብሎ ሐበሻው ወደ ጁባ የሚጎርፍበት ጊዜ ስለነበር የአውቶቡስ ትኬት ቆርጦ «ሂድ፣ እዚያ ሥራ አለ» አለው።

«ምን አጠፋ?» ብላ ጮኸችበት ጸሐይነሽ።

«አትጠይቂኝ።»

«ወንድሜ ነው እኮ!»

«አትጠይቂኝ አልኩሽ።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የነበረው ሬዲዮኑ ብቻ ነው። ደንበኛው ቀረ። መሸሻ ሥራ በሌለው ሱቅ ውስጥ በሩን ከፍቶ ይውላል፤ ደም ግፊቱ ግን ሥራ አልፈታም። አንድ ጠዋት መዶሻውን እንደያዘ ወደቀ፤ ያነሣው ጎረቤቱ ሞባይል ጠጋኙ ነው።

ይልቃል ከጁባ የደረሰው ከቀብሩ ማግስት ነበር። ጸጉሩ በመንገድ አቧራ ቀልቷል። አልቅሶ ሲጨርስ እህቱን ወደ ጓሮ፣ ወደ ውሃው ቧንቧ ጠራት።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ግን አትቆጪኝ።»

«ተናገር።»

«ጋሼ ድንጋዩን ሸጦት ነው ብዬ ነበር የማስበው። እንዳላወራበት ፈርቶ ያባረረኝ መስሎኝ ነበር።»

በጥፊ ልትለው እጇን አነሣች። ይልቃል አልሸሸም።

«ቆይ፣ ልጨርስልሽ። ጁባ ላይ አንድ ከናይሮቢ የመጣ ድንጋይ ገዢ አገኘሁ። ስለ ሩቢ ስናወራ ሳቀብኝ። ዘንድሮ ከባንኮክ አዲስ ጉድ መጥቷል አለኝ። የማይረባ፣ የተሰነጣጠቀ ሩቢ ይወስዱና ስንጥቁን በቀለጠ ብርጭቆ ይሞሉታል። ሲሞላ ጥርት ይላል፤ ነገሩን ያልሰማ ሰው በማጉያም ቢያየው አይጠረጥርም። ግን ኮምጣጣ ነገር ብርጭቆውን ይበላዋል አለኝ። ሎሚ እንኳ ይበቃዋል።»

ጸሐይነሽ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። መሸሻ ሠርቶ ያስረከበው ጌጥ ሁሉ ሎሚ ውስጥ ያደረ ነው። ሌላው ወርቅ ሠሪ ለማጠቢያ አሲድ ይጠቀማል፤ እሱ ግን አባቱ ብር ሲያጥቡ ያየውን አልተወም። ሩቢ ሎሚን ይፈራል ብሎ ማን ያስባል? እሳት የማይፈራ ድንጋይ! ሎሚውን ቤት ውስጥ ጨምቃ በጠርሙስ የምትሰጠው ደግሞ ራሷ ነበረች።

መቅዲ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እየመጣች ሳህን ታጥባለች። ሐዘን ቤት በጌጥ አይገባም ብላ በሩ ላይ ጉትቻዋን እያወለቀች ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ጸሐይነሽ ሄዳ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«መቅዲ፣ ከጉትቻሽ አንዱን ስጪኝ። ሎሚ ውስጥ ልነክረው ነው።»

ሁሉንም ነገረቻት። መቅዲ እጇ ሳሙና እንደሆነ ሰማቻት።

«ደህና ድንጋይ ከሆነስ?»

«ምንም አይሆንም። እንዳለ እመልስልሻለሁ፤ ባሌም እንዳላችሁት ሌባ ነበር ማለት ነው። እኔም አፌን እዘጋለሁ።»

«ብርጭቆ ከሆነስ?»

«ያን ጊዜ ባልሽ አፉን ይከፍታል።»

መቅዲ ወደ ድንኳኑ ዞር አለች። የሀብተ ጊዮርጊስ ድምፅ ከዚያ ይሰማል፤ ስለ መሸሻ እጅ ጥበብ ያወራል። «በሰው ፊት ያዋርደኛል» አለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቦርሳዋን ከፈተች። «ጠርተህ አነጋግረው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። ውሰጂ፣ እኔም ደክሞኛል።»

ጸሐይነሽ ጉትቻውን የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጣለችው፤ ሎሚ ጨምቃ ሞላችበትና በስኒ ማስቀመጫ ከደነችው። በማግስቱ የሠልስቱ ጸሎት ሲደርስ አልከፈተችውም። ይልቃል «ኧረ መጀመሪያ እንየው፣ ደህና ቢሆንስ?» ብሎ ለመናት። «ደህና ከሆነ እኔም በሰው ፊት ልፈር» አለችው። የባሏ ስም በዚያ ብርጭቆ ውስጥ ነበር፤ ብቻዋን ልታየው አልፈለገችም።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ለምሳ ሲቀመጥ፣ ሐዘንተኛዋ ከፍራሿ ተነሥታ ብርጭቆውን ይዛ ወደ ወንዶቹ ገባች። የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ አድማሱ «ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለ?» አሉ። ሀብተ ጊዮርጊስ ፊት ቆማ ክዳኑን አነሣች፤ ጉትቻውን በማንኪያ አውጥታ በሶፍት ላይ አስቀመጠችው።

ቀዩ ደብዝዟል። ድንጋዩን ዳር እስከ ዳር ነጭ ስንጥቅ እንደ ሸረሪት ድር አልብሶታል።

«ምንድነው ይሄ?»

«የመቅዲ ጉትቻ ነው፣ ጋሽ ሀብቴ። ሎሚ ውስጥ አድሮ ነው፤ ሻይዎ ውስጥ የሚጨምቁት ሎሚ። የርስዎ ሩቢ ግማሹ ብርጭቆ ነው። ቀለበቱንም ያበላሸው ይኸው ነው። ማንም አልለወጠውም፣ ማንም አልሰረቀዎትም። ብርጭቆ ገዝተው መጥተው ባሌን ሌባ አስባሉት!»

«ኧረ ቀስ፣ በሐዘን ቤት!» አለ አንዱ።

«እና የት ልናገረው? ሠርጋችሁ ላይማ አልጠራችሁንም!»

ጉትቻው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አቶ አድማሱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀብተ ጊዮርጊስ ሚስቱን በዓይኑ ፈለጋት። መቅዲ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

«እኔም ተታልዬ ነው፣ ጸሐይነሽ» አለ።

«እርስዎ የተታለሉት በድንጋይ ነው፤ የባሌን ስም ያጠፉት ግን እርስዎ ነዎት። ይነሡና ይናገሩ። በየጆሮው የተናገሩትን አሁን ጮክ ብለው ያንሡት።»

«ተነሥ፣ ሀብቴ» አሉ አቶ አድማሱ።

ተነሣ። «መሸሻ አልሰረቀኝም» አለ።

«አልተሰማም» አለችው።

ደገመው። ሊቀመጥ ብሎ ግን ነገሩ ከነከነው መሰለ፣ እንደ ቆመ ቀረ። «እኔስ በምን ልወቅ?» አለ። «እሱ ራሱ ነው ያመነልኝ። ፖሊስ ይምጣ፣ ሠራተኛህ ይመርመር ስለው እጄን ያዘ። ‹ልጁን አትንካብኝ። የሚስቴ ወንድም ነው። የሚጠየቅ ሰው ከፈለግህ እኔ አለሁ› አለኝ። እና ምን ብዬ ላስብ?»

ይልቃል የሻይ ፔርሙዝ ይዞ በወንበሮቹ መሃል ቆሞ ነበር።

«እኔ የወሰድኩት መስሎት ነው?» አለ። ወደ እህቱ ዞረ። «እታለም፣ ጋሼ ሌባው እኔ የሆንኩ መስሎት ነው?»

መስሎት ነበር። ቁልፉ በሁለቱ እጅ ብቻ ነው፤ እሱ አልወሰደም፤ ስለዚህ ልጁ ወስዷል። ለፖሊስ አልሰጠውም፤ ለእህቱም አልነገራትም፤ ወደ ጁባ አሸሸውና ሌባ የሚለውን ስም ራሱ ተሸከመው። ጸሐይነሽን የፈጃት ይኼ ነው። አንዱ ሌላውን ጠርጥሮ ዝም፣ ሌላውም አንዱን ጠርጥሮ ዝም!

«አንድ ቃል!» ብላ ጮኸች። «ምን ነበር አንድ ቃል ብትጠይቀው! አንተ ደንቆሮ! መሸሻ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ሴቶቹ ሙሾ የጀመረች መስሏቸው ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። እሷ ግን እየተሳደበች ነበር፤ ከልቧ። ለእሷ ብሎ እንዳደረገው ገብቷታል፤ ለዚህም ነው ይቅር ልትለው ያቃታት።

ሰዉ ምሳውን በልቶ ተበተነ። ሀብተ ጊዮርጊስና መቅዲ በአንድ መኪና መጥተው በሁለት መንገድ ሄዱ፤ እሷ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት ጠርታ ነው የሄደችው። ይልቃል ጓሮ ወጥቶ ግድግዳው ሥር ኩርምት ብሏል። ጸሐይነሽ ሽሮ የፈሰሰበት እንጀራ በሳህን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጉረስ።»

«አይወርድልኝም።»

«ጉረስ አልኩህ!»

አፉን ከፈተ። በቁጣ ነው ያጎረሰችው፤ ጣቷ ጥርሱን መታው። እስኪውጥ ጠበቀችውና ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች። ይኼኛውን አሳመረችው፤ ወጡን አጥቅሳ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ከመጀመሪያው አተለቀችው።

«ይኼ የመሸሻ ነው» አለችው።

ይልቃል ራሱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እስኪዞርላት ድረስ እጇን እንደ ዘረጋች ቆየች።